እትዬ እንጉዳይ ማማውን ለምን ወደዱ

እትዬ እንጉዳይ ማረፋቸውን የሰማሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ጠዋት ነበር። የአንዲት ታካሚ ቀጠሮ እየመዘገብሁ ሳለ ከልጃቸው ከሪቭቃ አጭር መልእክት ስልኬ ላይ ገባ፤ «እማ አረፈች። ቀብሩ ዛሬ ከቀትር በኋላ ነው።» ቀጠሮውን መዝግቤ ጨረስሁ። ሴትዮዋን «ደኅና ይዋሉ» ብዬ ሸኘሁ። ከዚያ ኮሪደሩን ይዤ ሄድሁና የጽዳት ዕቃ የሚቀመጥበትን ክፍል ከፍቼ ገባሁ። መጥረጊያው፣ ባልዲው፣ የጎማ ጓንቱ በየቦታቸው ናቸው። በእሳቸው ቦታ ሌላ ሴት ከተቀጠረች አራት ወር ሆኗታል፤ ጨርቆቹን ግን ልክ እንደ እትዬ እንጉዳይ በአራት አጣጥፋ ነው የምትደረድራቸው። ማን እንዳስተማራት አላውቅም። በሩን ዘግቼ እዚያው ጨለማው ውስጥ ቆምሁ።

ክሊኒኩ በኢየሩሳሌም ካለው የኢትዮጵያ ጎዳና ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ በአሮጌ የድንጋይ ቤት ውስጥ ያለ የዓይን ክሊኒክ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ በትርፍ ጊዜዬ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ገባሁ፤ ከተመረቅሁም በኋላ አልወጣሁም። እሳቸው ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት ሲያጸዱት ኖረዋል። ሁለታችንም ቤታችን ቂርያት ሃዮቨል ሰፈር ስለሆነ ጠዋት የምንሳፈረው አንድ አውቶቡስ ነው። እኔ ሰው ፊት መናገር የሚጨንቀኝ ሰው ነኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ይህን አወቁና፣ «አንቺ ልጅ፣ ዝምታሽን ለባልሽ አስቀምጪለት፤ ከእኔ ጋር ተጫወቺ» አሉኝ። ያን ጊዜ አማርኛዬ የቤት አማርኛ ነበር፤ ግማሹ ዕብራይስጥ። ዛሬ ይህን በአማርኛ መጻፍ ከቻልሁ ያ አውቶቡስ ነው ያስተማረኝ።

ስለ እትዬ እንጉዳይ ለሰው ስናገር ሰው የሚስቀው እዚህ ላይ ነው፦ የሉና ፓርክ ወዳጅ ነበሩ። ዕድሜያቸው ሃምሳን ዘለል ያለ፣ ነጭ ሻሽ የማይለያቸው፣ ቀሚሳቸው እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ ሰንበትን አጥብቀው የሚያከብሩ አይሁዳዊት ሴት፣ የሚሽከረከርና የሚወነጨፍ መጫወቻ ላይ ወጥተው መጮኽ ይወዱ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በሠራተኞች የመዝናኛ ቀን፣ «ዮም ኬፍ» በሚሉት ነው። ክሊኒኩ ሁላችንንም በአውቶቡስ ጭኖ ባሕሩ ዳር ወዳለው ሉና ፓርክ ወሰደን። እንደ ደረስን ሐኪሞቹም ነርሶቹም ቦርሳቸውን እያመጡ እትዬ እንጉዳይ አጠገብ ከመሩት። ክፉ ያሰበ የለም፤ የጠየቃቸውም የለም። እኔም ቦርሳዬን ከክምሩ ላይ ጨምሬ ሄድሁ። ይህን ሳልጽፈው ማለፍ እችል ነበር፤ ግን እሳቸው ቢያነቡት አይወዱልኝም። በዘጠኝ ቦርሳ መካከል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘውን ትልቅ መርከብ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲመለከቱ ቆዩ። ውሃ ይዤላቸው ስመለስ ብድግ አሉ።

«እነዚህን ጠብቂ» አሉኝ።

«ወዴት ነው እትዬ?»

«ሰው ሁሉ እየጮኸ ሄዶ እየሳቀ የሚመለስበትን ነገር ልየዋ! ምን አለ፣ ከነቦርሳው ተቆጥሬ ልቀር ነው?»

ሻሻቸውን አገጫቸው ሥር ቋጥረው ተሰለፉ። ሲመለሱ ሻሹ ትከሻቸው ላይ ወድቆ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ይስቃሉ። የክሊኒኩ ኃላፊ ደንግጦ «እንጉዳይ፣ ደኅና ነሽ?» አላቸው በዕብራይስጥ። «ቦርሳህን ውሰድ፤ እኔ ገና ነኝ» አሉት።

ከዚያ በኋላ እኔና እሳቸው በዓል በመጣ ቁጥር፣ ክሊኒኩ በተዘጋ ቁጥር መሄድ ጀመርን። ለየመጫወቻው ስም አወጡለት። በጠመዝማዛ ሐዲድ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚወረወረውን ባቡር «ሊማሊሞ» አሉት፤ ከጎንደር በላይ ባለው የገደል መንገድ ስም። ሰውን ዙሪያውን እያሽከረከረ የሚያደክመውን «ወፍጮ» አሉት። አንድ ረጅም ምሰሶ ደግሞ አለ፤ ሰውን በወንበር አስሮ ቀስ እያለ ጫፍ ድረስ ያወጣል፣ እዚያ ትንሽ ያቆያል፣ ከዚያ ድንገት ይለቀዋል። እሱን «ማማ» አሉት፤ በአገራቸው ልጆች ላዩ ላይ ተቀምጠው እህል ከዝንጀሮ እንደሚጠብቁበት ማማ።

በመመለሻው አውቶቡስ አንድ ሕግ ነበረን። ኢየሩሳሌም ሳንደርስ እያንዳንዳችን ከዕለቱ መጫወቻዎች አንዱን እንመርጣለን፤ ለምን እንደ መረጥነውም እንናገራለን። ምርጫው ቀላል ነው፤ ያስቸገረኝ «ለምን» የሚለው ነው። መጀመሪያ ቀን «ሊማሊሞን እመርጣለሁ፤ ደስ ስለሚል» አልሁ።

«ደስ ስለሚልማ ማርም ደስ ይላል። ምክንያት አምጪ።»

ብዙ አሰብሁ። «ስጮኽ ማንም ዞሮ ስለማያየኝ» አልሁ።

«ይኼው! ይኼ ምክንያት ነው» ብለው ጉልበቴን መታ አደረጉኝ።

አንድ ጊዜ ከፊታችን የተቀመጠ አንድ ወታደር ስንከራከር ሰምቶ ዞረ፤ የእኛው ልጅ ነው። በተሰባበረ አማርኛ «እኔ መርከቡን» አለ። እትዬ እንጉዳይ ለባዳ የሚያደሉ ሰው አልነበሩም፤ «ለምን?» አሉት ወዲያው። ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አስተካከለና «እናቴ ስትስቅ ያየኋት እዚያ ላይ ብቻ ስለሆነ» አለ። እትዬ እንጉዳይ ከዘንቢላቸው ብርቱካን አውጥተው፣ ልጠው፣ በእጃቸው አጎረሱት።

በየጉዞው ማግስት ደግሞ ወሬው ለእማሆይ ወለተ ማርያም ይደርሳል። እማሆይ በጎዳናው ላይ ባለው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን፣ በደብረ ገነት ግቢ የሚኖሩ መነኩሴ ናቸው። የእሳቸውና የእትዬ እንጉዳይ የትውልድ መንደር ለየቅል ቢሆንም ገበያቸው አንድ ነበር፤ ሃይማኖታቸው ተለያይቶ ጨዋታቸው አልተለያየም። እትዬ እንጉዳይ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አይገቡም። በምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ አረፍ ይላሉ፤ እማሆይ መቁጠሪያቸውን እንደ ያዙ ይመጣሉ።

«ወይ ጉድ!» ይላሉ እማሆይ። «ከፍሎ መፍራት! በነጻ ስንፈራ የኖርነው አንሶሽ ነው?»

«እማሆይ፣ በነጻ የፈራነውማ ማለቂያ አልነበረውም። ይኼ ያልቃል። ሲያልቅ ቀበቶውን ይፈቱልኛል።»

እማሆይ አንድም ቀን ሳይሄዱ የራሳቸውን መርጠዋል፤ ትልቁን መንኮራኩር። «ለምን?» ሲባሉ፣ «ከፍ አድርጎ አገር ያሳያል፤ ከዚያ በትሕትና ያወርዳል» አሉ።

«ሲመርጡም እንደ መነኩሴ!» ብለው እትዬ እንጉዳይ በሳቅ ተንፈራፈሩ። ሁለቱ ሲስቁ እኔ ዳር ቆሜ አያቸዋለሁ። ያን ያህል የሚሳቅበት ነገር ይኑር አይኑር አላውቅም፤ እሳቸው ግን ከሳቁ ይሳቃል።

የእትዬ እንጉዳይ ምርጫ ሁልጊዜ ማማው ነበር። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ «ባሕሩን ያሳየኛል» ይላሉ። ሙሉ ምክንያት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም እሳቸውን «ምክንያት ያምጡ» ማለት ለእኔ ድፍረት ነው። አንድ ቀን በፋሲካ ዕረፍት ስንመለስ ሳልጠይቃቸው ተናገሩ።

«ወደ ኢየሩሳሌም ልንሻገር በእግር ሱዳን ስንደርስ ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። መጠለያው ውስጥ እናቴ ታመመች። አንድ ጠዋት ስነሣ የለችም። ‹ቀድማሽ ኢየሩሳሌም ገባች፤ እዚያ ትጠብቅሻለች› አሉኝ። ክፋት አይደለም። ካለቀስሁ እንዳልበላ፣ ካልበላሁ ደግሞ እንዳልከተላት ፈርተው ነው። መርዶ በወጉ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው፤ እዚያ ማን ዘመድ አለ? እኔ ደስ ብሎኝ ከረምሁ። ሰው ሁሉ በረሃብና በንዳድ ሲያልቅ እኔ ስቄ ከረምሁ፤ እናቴ ኢየሩሳሌም ናታ! እዚህ ስንገባ በየአውቶቡሱ መስኮት እሷን እፈልጋለሁ። አንዲቱን በጀርባዋ አይቼ ሮጬ ነጠላዋን ያዝሁ። ዞረች፤ ሌላ ሰው ናት። ያን ጊዜ ነው ቀድሞን እዚህ የገባው አጎቴ ፊቱን ሸፍኖ ያረዳኝ።»

አውቶቡሱ ውስጥ ልጆች ይዘፍኑ ነበር። እስኪጨርሱ ጠበቁ።

«ማማው ግን ከላይ ያቆመኛል። ‹እንጉዳይ፣ ይኸው ልጥልሽ ነው፤ እይው› ይለኛል። አይቼ፣ አውቄ፣ ቀበቶዬን ይዤ ነው የምወድቀው። በዕድሜዬ አሳይቶ የጣለኝ እሱ ብቻ ነው።»

የዚያን ቀን እኔ የመረጥሁትን ሳልናገር ቤታችን ደረስን።

ባለፈው ዓመት በጋ ላይ መክሳት ጀመሩ። ምግብ አልረጋ አላቸው፤ ባልዲ ሲያነሡ ወገባቸውን ይዘው ይቆማሉ። ሪቭቃ ሆስፒታል ወሰደቻቸው። እትዬ እንጉዳይ የገበያና የሥራ ዕብራይስጥ አሳምረው ያውቃሉ፤ የሐኪም ዕብራይስጥ ግን ሌላ ቋንቋ ነው፤ ለሪቭቃ ይተዉላታል። ሐኪሙ በሽታው ካንሰር መሆኑን፣ መሰራጨቱን፣ የሚድን አለመሆኑን ተናገረ። ሪቭቃ ወደ አማርኛ ስትመልሰው «ጨጓራሽ ቆስሏል፤ በመድኃኒት ይድናል» ሆነ።

በዚያው ሳምንት ሪቭቃ ከቤታችን ሥር ጠርታ ሐኪሙ ያላትን ሁሉ ነገረችኝ። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ የእናቷ ብቸኛ ልጅ ናት።

«አንቺ በየቀኑ ታገኛታለሽ። እኔን ካላገኘች ደግሞ አንቺን ነው የምትጠይቅሽ። አፍሽ እንዳያመልጥሽ። ካወቀች በሽታው ሳይሆን ሐሳቡ ይገድላታል። አጎቶቼም እንደዚያ ነው ያሉት። አደራ!»

«እሺ» አልሁ። እኔ «እሺ» ማለት የማይከብደኝ ሰው ነኝ።

የዳስ በዓል ሲመጣ እትዬ እንጉዳይ «እንሂድ» አሉ። ሪቭቃ «ውሰጃት፣ ትደሰት» አለችኝ። እኔም ሁሉን በጥንቃቄ አሰናዳሁ። ሊማሊሞ «ተበላሽቷል ይላሉ» አልኋቸው፤ አልተበላሸም። ማማው ጋ ስንደርስ «ወረፋው ረጅም ነው፣ ፀሐዩም ከባድ ነው» ብዬ ክንዳቸውን ይዤ አሳለፍኋቸው። መንኮራኩሩ ላይ ሦስት ጊዜ ወጣን። ከላይ ሲሆን ፊታቸውን ወደ ማማው አዙረው ሰዎቹ ሲወጡና ሲወድቁ ይመለከታሉ። እኔም ቀኑ በሰላም አለፈልኝ ብዬ ተነፈስሁ።

በአውቶቡሱ ውስጥ እንደ ወትሮው «በይ ምረጪ» አሉኝ።

«መንኮራኩሩን።»

«ለምን?»

«ቀስ ስለሚል። ስላላደከመዎት።»

«ስለ እኔ መች ጠየቅሁሽ?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ማማው ሥር የተሰለፈው ስድስት ሰው ነበር፤ ቆጥሬዋለሁ። ወረፋው ረጅም ነው ያልሽኝ ለምንድን ነው?»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ።

«ምክንያት አምጪ።»

ሜዳው አልቆ ወደ ኢየሩሳሌም የሚያወጣው ዳገት ጀምሮ ነበር። ሪቭቃ አደራ ያለችበት ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከአጠገቤ ደግሞ አንዲት ሴት በረጋ ዓይን ታየኛለች፤ አሁን ብዋሻት ያ ሁሉ ሰው አንድ ጊዜ እንደ ዋሻት እኔም ልዋሻት ነው። ተማርሁ የምለው ሁሉ በዚያች ሰዓት አልረዳኝም።

«እትዬ፣ ጨጓራ ብቻ አይደለም» አልሁ።

የቀረውን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ተናገርሁ። የበሽታውን ስም በአማርኛ ለመጥራት ድፍረት ስላጣሁ በዕብራይስጥ ጠራሁት። እሳቸው ራሳቸው ወደ አማርኛ መለሱት።

«ይድናል?»

«አይድንም አሉ።»

«ፋሲካን እደርሳለሁ?»

«ላይደርሱ ይችላሉ አሉ።»

ከፊታቸው ያለውን ወንበር በሁለት እጃቸው ጨብጠው ያዙ። ይጮኻሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኹም። ጥዶቹ በመስኮቱ ያልፋሉ፣ እሳቸው ያያሉ።

«ሪቭቃ ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

«አልቅሳለች?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ብቻዋን?»

«ብቻዋን።»

«ምስኪን ልጄ» አሉ። ከዚያ ቆይተው፣ «እኔን መጠበቋ ነው ቀጥ አድርጎ ያቆማት። እሱን ከቀማኋት ትወድቅብኛለች። እኔ እስካለሁ ድረስ እንደማውቅ እንዳትነግሪያት» አሉኝ።

«እሺ» አልሁ።

«አንቺን ግን ማማው ላይ ስላላወጣሽኝ አልምርሽም።»

ፊታቸውን አየሁት። ሊስቁ ነው ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። እስከ ዛሬ ቀልድ ይሁን እውነት አላውቅም። እንደገና ልውሰዳቸው አልሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን እግራቸው አልጠናም።

የቀሩትን ወራት በመሰናበት አሳለፉ፤ የሚሰናበቱ መሆናቸውን ከእኔ በቀር ያወቀ አልነበረም። በጸሎት በዓላችን፣ በሲግድ ዕለት፣ አርሞን ሃናጺቭ ኮረብታ ላይ የፕላስቲክ ወንበር አምጥተንላቸው፣ ቄሶቹ በየጃንጥላቸው ሥር ሲጸልዩ ተቀምጠው ዋሉ። የሚያውቁትን ሰው ሁሉ አስጠርተው ሰላም አሉ። የተቀየሙትን ይቅር አሉ፤ ያስቀየሙትን ይቅርታ ጠየቁ። ሪቭቃ ደስ ብሏት «ዛሬ በረታች እኮ!» ትለኛለች። እኔ አንገቴን ደፍቼ ጋቢያቸውን አስተካክላለሁ።

ደብረ ገነት የወሰድኋቸው በአንድ ዝናባማ ቀን ነው። ከበሩ እስከ ድንጋዩ መቀመጫ ድረስ ሦስት ጊዜ አረፉ። እማሆይ «በፋሲካ ደግሞ ሄደሽ ወሬውን ታመጪልኛለሽ» አሏቸው።

«እማሆይ፣ አሁን የምሄደው ብቻዬን ነው። ወሬውንም አላመጣልዎትም።»

እማሆይ ትኩር ብለው አዩአቸው። እጃቸው ልማድ ሆኖበት መስቀላቸውን አነሣ፤ ከዚያ ባለንጀራቸው ማን እንደ ሆኑ አስታወሱና መስቀሉን መልሰው ደረታቸው ላይ ለቀቁት። ሁለቱን እጃቸውን ያዙአቸው። ዝናቡ እስኪያባራም አልለቀቋቸውም።

ካረፉ በኋላ ሰባቱን የሐዘን ቀን በየዕለቱ ከሥራ ስወጣ ለቅሶ ቤት ሄድሁ። በአምስተኛው ቀን ሰው ጋብ ያለበት ሰዓት ነበር። ሪቭቃ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ተቀምጣ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ «አንድ ነገር ብቻ ያጽናናኛል» አለችኝ። «ሳታውቅ ሄደች። ሳትፈራ። አንቺም አደራሽን ጠበቅሽ። እግዚአብሔር ይስጥሽ።»

አሜን ብዬ መነሣት እችል ነበር። አሜን ለማለት አፌን ከፍቼም ነበር። እትዬ እንጉዳይ ዝም በይ ያሉኝ እሳቸው እስካሉ ድረስ ነው፤ አሁን የሉም። ምርቃቱን ዝም ብዬ ከተቀበልሁ ከዚያ ቤት ሌብነት ይዤ እንደምወጣ ተሰማኝ።

«ያውቁ ነበር» አልሁ። «ሪቭቃ፣ እኔ ነግሬያቸዋለሁ።»

ከግድግዳው ላይ ጀርባዋን አነሣች። «መቼ?»

«በዳስ በዓል። አውቶቡስ ውስጥ።»

በጣቶቿ ስትቆጥር አየኋት። «ለፋሲካ ጫማ የገዛሁላት እኮ ከዚያ በኋላ ነው» አለች። «ጠበበኝ ብላ አስቀይራኛለች። ሱቅ ድረስ መልሳኛለች። ‹ለበዓሉ እግሬን እንዳይልጠኝ› ብላ...» አልጨረሰችውም። ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች። የቧንቧው ውሃ ለረጅም ጊዜ ሲወርድ ሰማሁ።

ስትመለስ ነጠላዬን አንሥቼ ቆሜ ነበር።

«ወዴት ነው? ተቀመጪ» አለችኝ። የይቅርታ ድምፅ አልነበረም። ተቀመጥሁ። እሷም ጉልበቷ ጉልበቴን እስኪነካ ተጠግታኝ ተቀመጠች።

«አለቀሰች?»

«አላለቀሱም። መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ አንቺ ነው።»

በሩ ተንኳኳ። ሦስት ሴቶች ገቡ፤ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሏት፣ ትንሽ ተቀመጡ፣ ስለ ሟች ደግነት ተናገሩ። ሪቭቃ አንገቷን እየነቀነቀች ሰማቻቸው፤ እጇ ግን የቀሚሴን ጫፍ ይዞ ነበር። ሴቶቹ ተነሥተው ወጡ። በሩ ከኋላቸው እስኪዘጋ ጠበቀችና ወደ እኔ ዞረች።

«እሺ» አለች። «ስለ እኔ ምን ብላ ጠየቀችሽ?»